ስማቸው አንድ፣ ውስጣቸው ሌላ፦ አራት የሳይንስ ፕሮግራሞችን ያወዳደርንበት ሁለት ወር

የእህቴ ልጅ አንድ ማታ የወረቀት ፎቶ ላከችልኝ። ወረቀቱን በአራት ዓምድ ከፍላዋለች። ዓምዶቹን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀብታቸዋለች። አናታቸው ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም አለ። ከሥሩ የዓለም ደረጃው፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ክፍያው፣ ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን። ግርጌው ላይ «ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» ብላ ጽፋለች።

እኔም ኬሚስትሪ ያጠናሁ ሰው ስለሆንኩ በአንድ ስልክ የምጨርሰው መሰለኝ። ሁለት ወር ፈጀብን። ምን እንደፈተሽን፣ ምን እንዳገኘን፣ ምን እንዳመለጠን ልጽፈው የወደድኩት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ሌላ ተማሪ እንዳለ ስለማውቅ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም አልጠራም። በእሷ ቀለሞች እጠራቸዋለሁ።

ቀዩ የሦስት ዓመት የባዮኬሚስትሪ፣ ማለትም ሕይወት ባላቸው ነገሮች ውስጥ ያለውን ኬሚስትሪ የሚያጠና፣ ዲግሪ ነው። ሰማያዊውም ባዮኬሚስትሪ ነው፤ ግን አራት ዓመት ይፈጃል። አረንጓዴው በጣም ትልቅና ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ተማሪው «ሳይንስ» ተብሎ ብቻ ይገባል፤ ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከአንደኛ ዓመት በኋላ ነው። ቢጫው ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ሳይነጣጥል በፕሮጀክት የሚያስተምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለማመልከቻ የያዝነው ገንዘብ ለሦስት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ አንዱ መውጣት ነበረበት።

መጀመሪያ የጠየቅኳት

«ምን ልትሆኚ ነው የምትማሪው?» አላልኳትም። በ18 ዓመት ይህን የሚመልስ ብዙ ሰው የለም። «ሰሞኑን ማንም ሳያዝሽ ያነበብሽው ምንድን ነው?» አልኳት። ወዲያው መለሰች፦ ፕሮቲን።

እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለዴቪድ ቤከር፣ ለዴሚስ ሃሳቢስ እና ለጆን ጃምፐር ተሰጥቷል። ቤከር የተሸለሙት ተፈጥሮ ያልሠራቻቸውን ፕሮቲኖች በኮምፒውተር በመንደፍ ነው። ሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሚሠራባቸውን የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ብቻ አይቶ የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚተነብይ ፕሮግራም በመሥራት። ልጅቷ ዜናውን ካነበበች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም።

«እነዚህ ሦስት ሰዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በምን ሠሩ? ፈልጊና ንገሪኝ» አልኳት። በማግስቱ ደወለች። ቤከር በባዮሎጂ። ሃሳቢስ በኮምፒውተር ሳይንስ። ጃምፐር በፊዚክስና በሒሳብ። የኬሚስትሪ ኖቤል ከወሰዱት ሦስት ሰዎች አንዱም የመጀመሪያ ዲግሪው ኬሚስትሪ አይደለም።

«ታዲያ የትም ብገባ ለውጥ የለውም ማለት ነው?» አለች። እንደዚያ ማለት አይደለም። ሦስቱም የገቡበት ትምህርት ጠንካራ መሠረት ሰጥቷቸዋል። አንዱ ሕይወት ያለውን ነገር መረዳት፣ አንዱ ኮድ መጻፍ፣ አንዱ በሒሳብ ማሰብ። ዲግሪው ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን በእጃቸው የገባው ችሎታ ነው የወሰዳቸው። እንግዲያው አራቱን ፕሮግራሞች የምንለካው በስማቸው ሳይሆን በሚሰጡት ነገር ነው ተባባልን። እሷ ለምትፈልገው መንገድ ሦስት ነገር ጻፍን፦ በቂ ሒሳብ፣ በእጅ የሚሠራ ላብ (የላቦራቶሪ ሥራ)፣ እና ስለ ፕሮቲን ቅርጽ የሚያስተምር ከፍተኛ ኮርስ።

ደረጃው ምን ይለካል?

ወረቀቷ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዓለም ደረጃ ነው። አረንጓዴው ከፍተኛ፣ ቀዩ ቀጥሎ፣ ሰማያዊው በጣም ታች። እህቴም ዓይኗን የጣለችው አረንጓዴው ላይ ነው። «ስሙን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል» ትላለች።

ደረጃን አልንቅም። ግን ምን እንደሚለካ ማየት አለብን። ከታወቁት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚወጣው የሻንጋይ ደረጃ፣ መስፈርቱን በግልጽ ጽፏል። ከመቶው 10 ለኖቤልና ለፊልድስ (ለሒሳብ የሚሰጥ ነው) ሽልማት የበቁ የቀድሞ ተማሪዎች ነው። 20 እነዚህን ሽልማቶች ያገኙ መምህራን። 20 ሥራቸው በብዛት የሚጠቀስ ተመራማሪዎች። 20 ኔቸር እና ሳይንስ በሚባሉት መጽሔቶች ላይ የወጡ ጥናቶች። 20 በትልልቅ የጥናት መዝገቦች ውስጥ የተቆጠሩ ጽሑፎች። ቀሪው 10 ይህ ሁሉ ለመምህራኑ ቁጥር ሲካፈል ነው።

ልጅቷ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስለ ተማሪው ምንም የለም እኮ!» አለች። እውነት ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ላብ ውስጥ እንደሚቆም የሚጠይቅ መስፈርት የለም። ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቀመጥም የለም።

ይሁን እንጂ ደረጃው ምርምር የት እንዳለ ይጠቁማል። ምርምር ያለበት ቦታ ደግሞ ለተማሪ በር ከከፈተ ትልቅ ዕድል ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ከመምህራን ምርምር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አለው። ስለዚህ «ደረጃው» የሚለውን መስመር ሰረዝንና በቦታው «የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምርምር ውስጥ የሚገባው በምን መንገድ ነው? ከስንተኛ ዓመት ጀምሮ?» ብለን ጻፍን። ለዚህ ጥያቄ ሰማያዊው ከሁሉም ግልጽ መልስ ነበረው። የመጨረሻው ዓመት ላይ ሁሉም ተማሪ አንድ ሙሉ ዓመት የሚወስድ የላብ ምርምር ይሠራል። ግዴታ ነው። በቀዩ ግን ተማሪው ከፈለገ ላብ፣ ካልፈለገ የጽሑፍ ዳሰሳ መምረጥ ይችላል። የላቡ ቦታ ውስን እንደሆነም ተጽፏል።

የክሬዲቱ ቁጥር

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ልንሠራ ነበር። ልጅቷ ቀዩ አጠገብ «180 ክሬዲት»፣ ሰማያዊው አጠገብ «120 ክሬዲት» ብላ ጽፋለች። በሦስት ዓመት 180፣ በአራት ዓመት 120። ቀዩ አጭርም ነው፣ ብዙም ያስተምራል ብላ ደምድማለች።

ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ መለኪያ ናቸው። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚሆን የተማሪውን ሥራ ያመለክታል፤ ክፍል፣ ላብ፣ ቤት ውስጥ የሚጠናው ሁሉ ተደምሮ። ሦስት ዓመት ሲሆን 180 ይመጣል። በአሜሪካው አቆጣጠር ደግሞ የአራት ዓመት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ሴሚስተር ክሬዲት ገደማ ነው። ኪሎን ከሜትር ጋር እንደማወዳደር ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ «ይሄ ይበልጣል» ማለት አይቻልም።

የዓመቱ ልዩነት ግን ትርጉም አለው። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው፣ ስኮትላንድ አራት። እንግሊዝ ሦስት ዓመት የሚበቃው ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ሁለት ዓመት፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ብቻ ይዘው፣ በጥልቀት ስለሚያጠኑ ነው። የሦስት ዓመቱ ዲግሪ ያነሰ አይደለም። የሚጀምረው ከፍ ካለው ደረጃ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «የእኛዋ ልጅ የትኛው ደረጃ ላይ ናት?» የሚል ሆነ። ሒሳቧ ጥሩ ነው። ላብ ላይ ግን አልሠራችም። ታይትሬሽንን፣ ፈሳሽ ውስጥ ያለን ንጥረ ነገር ሌላ ፈሳሽ እያንጠባጠቡ መለካትን፣ በመጽሐፍ ታውቀዋለች፤ የሚንጠባጠብበትን የመስታወት ቱቦ፣ ቢውሬትን፣ ግን በእጇ ይዛ አታውቅም። በቀዩ የአንደኛ ዓመት የላብ መመሪያ ውስጥ «ከዚህ በፊት እንደሠራችሁ ይታሰባል» የሚል መስመር አገኘን። እዚያ ብትገባ አትወድቅም፤ ጎበዝ ናት። ግን የመጀመሪያውን ዓመት በመሯሯጥ ታሳልፈዋለች።

ላቡን መቁጠር

በሁለት ወር ውስጥ ከሠራነው ሁሉ በጣም የጠቀመን ይሄ ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ምንም አይተካውም።

ከአራቱም ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ካታሎግ አወረድን። አንድ የኤክሴል ገጽ ከፈትን። በዓመትና በሴሚስተር ለይተን እያንዳንዱን ኮርስ ጻፍን። ከዚያ ከእያንዳንዱ ኮርስ አጠገብ በሳምንት ስንት የላብ ሰዓት እንዳለው አስገባን።

የቀዩ ስድስት ላብ ኮርስ አለው። እያንዳንዱ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለ11 ሳምንት። 198 ሰዓት። የሰማያዊው 12 ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት። 432 ሰዓት። ሁለቱም ስማቸው ባዮኬሚስትሪ ነው። አንዱ የሌላውን እጥፍ በላይ ላብ ያሠራል። ይህ የመጨረሻውን ዓመት ምርምር ሳይጨምር ነው።

432 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ለመመዘኛ አንድ ነገር አውቅ ነበር። የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ጥሩ ናቸው ብሎ ለሚያጸድቃቸው የኬሚስትሪ ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ፣ ከመግቢያው ኬሚስትሪ ላብ በላይ 400 ሰዓት የኬሚስትሪ ላብ ይጠይቅ ነበር። ይህ ለኬሚስትሪ እንጂ ለባዮኬሚስትሪ የወጣ አይደለም፤ እኛ እንደ ማስመሪያ ብቻ ነው የተጠቀምንበት። ከሰማያዊው ላይ የመግቢያውን ሁለት የጄኔራል ኬሚስትሪ ላብ ስንቀንስ 360 ቀረ። የመጨረሻው ዓመት ምርምር ሲጨመር ከመስመሩ ያልፋል። የቀዩ ግን በብዙ ይርቃል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ኮርሶቹን ማን እንደሚያስተምራቸው ስናይ ገባን። የቀዩ ባዮኬሚስትሪ ያለው ከሕክምና ትምህርቶች ጋር በአንድ ፋኩልቲ ውስጥ ነው። ኮርሶቹ ወደ በሽታ፣ ወደ ሜታቦሊዝም፣ ወደ ሴል ያዘነብላሉ። የሰማያዊው ባዮኬሚስትሪ የተወለደው ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ውስጥ ነው። ፊዚካል ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር፣ ካልኩለስ ሦስት፣ ሊኒየር አልጀብራ አንድ። ቀዩ ውስጥ ያለው ሒሳብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስታቲስቲክስ። ለሌላ ተማሪ፣ ለምሳሌ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ማጥናት ለምትፈልግ፣ ቀዩ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የፕሮቲን ቅርጽ ለሚያሳብዳት ግን ሒሳቡ የግድ ነው።

ቢጫው በዚህ መንገድ አልቆጠር አለን። ላብ የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ኮርስ የለውም። ሁሉም በፕሮጀክት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን አሠራር አልጠላም። ካናዳ ያለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እንደዚህ ሳይንሶችን ያዋሃደ የመጀመሪያ ዲግሪ አለው፤ ካምብሪጅም ቢሆን በስሙ «ተፈጥሮ ሳይንስ» ብሎ ተቀብሎ አንደኛ ዓመት ላይ ሦስት ሳይንስና ሒሳብ ያስተምራል። ግን የእኛን ቢጫ ለመመዘን ካታሎጉ አልበቃንም። ተማሪዎችን መጠየቅ ነበረብን።

ከኋላ ወደ ፊት

ከዚያ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የቀስት ሥዕል ሠራን። መጀመሪያ ልጅቷ የምትመኘውን የመጨረሻ ዓመት ኮርስ ጻፍን፦ የፕሮቲን ቅርጽና አሠራር። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድን። ይህን ለመውሰድ ምን መውሰድ አለባት? ያንን ለመውሰድስ?

የሰማያዊው ሰንሰለት ረጅም ነው። የመጨረሻው ኮርስ ፊዚካል ኬሚስትሪ ሁለትን ይጠይቃል። እሱ ፊዚካል ኬሚስትሪ አንድን። እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ካልኩለስና ፊዚክስን። ሁሉም በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጡት። ይህ ማለት አንደኛ ዓመት ላይ ካልኩለስ ቢወድቅባት ወይም ብታስተላልፈው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የምትፈልገው ኮርስ በር ላይ ትቆማለች። ብዙ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ነው። እሷ ከማመልከቷ በፊት አወቀችው።

የቀዩን ሰንሰለት ስንሠራ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። ካታሎጉ ውስጥ «የፕሮቲን ቅርጽ» የሚል የሦስተኛ ዓመት ኮርስ አለ። በጣም ደስ ብሏት ነበር። «ካታሎጉን ተይውና የትምህርት መርሐ ግብሩን፣ ሰዓቱና ክፍሉ የተጻፈበትን፣ አውጪው» አልኳት። ካለፉት ሁለት ዓመታት በአንዱም ኮርሱ አልተሰጠም። ካታሎግ ላይ ያለ ኮርስ ሁሉ ክፍል ውስጥ የለም። መምህሩ ሲለቁ፣ ተማሪው ሲያንስ፣ ኮርሱ ይተኛል። ስሙ ግን ካታሎጉ ላይ ይቀራል። እባካችሁ፣ የምትመኙት ኮርስ ካለ ካለፈው ዓመት መርሐ ግብር ላይ ፈልጉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀዩ በዚያ ማታ ወጣ።

የአረንጓዴው በር

አረንጓዴው ውስጥ ሁሉም አለ። ሒሳቡ፣ ላቡ፣ ኮርሱ። ባዮኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ለሚገባ ተማሪ ዘጠኝ ላብ ቆጠርን፤ 324 ሰዓት። ምርጫው ሰፊ ነው። የኮምፒውተር ኮርሶቹም እንደ ልብ ናቸው።

ችግሩ «ለሚገባ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ከአንደኛ ዓመት በኋላ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ባዮኬሚስትሪ የቦታ ገደብ አለው። ዝቅተኛው ውጤት ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ፊደል «ይህን ውጤት ማምጣት ቦታ ለማግኘት ዋስትና አይሆንም» ይላል። ልጅቷ ለቢሮው ኢሜል ጻፈች። ያመለከቱት ስንት ናቸው፣ የገቡትስ? መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፦ ይህን ቁጥር አናወጣም።

በጣም አዘንኩ። አንድ ተማሪ አራት ዓመቱንና የወላጆቹን ገንዘብ ሊያፈስ ነው። በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የማወቅ መብት የለውም?

ቢሮው ካልነገረን ተማሪዎቹን እንጠይቅ አልን። የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች ማኅበር አድራሻ ድረ ገጻቸው ላይ ነበር። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በትህትና መለሰችላት። የመጀመሪያውን ዓመት አብረዋት ካጠኑት ጓደኞቿ ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ምርጫቸው ውስጥ ናቸው። «አንደኛ ዓመት ላይ ሁላችንም የምንወዳደረው ለአንድ በር ነው። ጓደኛዬ ኖት ስትጠይቀኝ መስጠት የፈራሁበት ቀን ነበር» ብላ ጻፈች። ይህ አረፍተ ነገር ብዙ አሳሰበን።

እንዲህ ላለ ፕሮግራም የሚሆን ጥያቄ አንድ ነው፦ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ባይደርሳችሁ፣ የሚደርሳችሁን ትወዱታላችሁ? ልጅቷ አሰበችበት። ሁለተኛ ምርጫዋ ኬሚስትሪ ነው። ሦስተኛው ባዮሎጂ። በሁለቱም ደስተኛ ልሆን እችላለሁ አለች። ስለዚህ አረንጓዴው ከዝርዝሩ አልወጣም።

«ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይረባም

ለቢጫው ተማሪዎች የላከችው የመጀመሪያ መልእክት «ፕሮግራሙ ጥሩ ነው?» የሚል ነበር። ሁለት ሰው መለሰ፦ «አሪፍ ነው!» ከዚህ ምን ይገኛል?

ጥያቄውን ቀየርነው። «በዚህ ሳምንት ምን ሠራሽ? ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ የት ነበርሽ? በጣም የከበደሽ ምንድን ነው? ከናንተ በፊት የጨረሱት የት ገቡ?» አሁን መልሱ ረዘመ። አንደኛዋ ያንን ሳምንት የወንዝ ውሃ ናሙና ስትሰበስብና የናይትሬት መጠን ስትለካ እንዳሳለፈች ጻፈች። የቡድን ሥራው እንደሚያስደስታት፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ግን ክፍተት እንዳለባት፣ ለማስተርስ ስታመለክት ተጨማሪ ኮርስ እንደተጠየቀች ነገረችን። ይህን ዓይነት ሐቀኛ መልስ በየትኛውም ማስታወቂያ ውስጥ አታገኙትም።

የእህቴ ስጋት

እህቴ ይህን ሁሉ ከዳር ሆና ስትከታተል ቆየች። አንድ ቀን ስልኩን ከልጅቷ ተቀበለችና «ላቡን ቆጠራችሁ፣ ቀስቱን ሣላችሁ። ግን ሐሳቧን ብትቀይርስ? ሕክምና ልግባ ብትልስ? መንገዱ ይዘጋባታል?» አለችኝ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ ሕክምና ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የሚገባበት ትምህርት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚገባው በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ የሚጠየቀውም የተወሰነ ዲግሪ ሳይሆን የኮርሶች ዝርዝር ነው። ባዮሎጂ፣ ጄኔራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ከነላባቸው። የመግቢያ ፈተናው ኤምካትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባዮኬሚስትሪን ጨምሯል። የሰማያዊውን ኮርሶች ከዚህ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። ባዮሎጂው ላይ አንድ ኮርስ ብቻ ጎደለ፤ እሱም በምርጫ ኮርስ የሚሞላ ነው። እህቴ ዝርዝሩን በዓይኗ ስታይ ልቧ አረፈ።

ውሳኔው

ለሰማያዊው፣ ለአረንጓዴውና ለቢጫው አመለከተች። ቢጫው አልተቀበላትም። ሁለቱ ተቀበሏት።

ሰማያዊው ከፊል ስኮላርሺፕ ጨመረላት። እዚህም ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበብን። ገንዘቡ በየዓመቱ የሚታደሰው ጂፒኤዋ ከተወሰነ ነጥብ በታች ካልወረደ ነው። ነጥቡን ከአንደኛ ዓመት ኮርሶቹ ክብደት ጋር አይተን፣ ትደርስበታለች ብለን አመንን። አረንጓዴው ምንም አልሰጠም።

ሰማያዊውን መረጠች።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ምን እንደምትፈልግ ያላወቀች ተማሪ ብትሆን ኖሮ አረንጓዴውን እላት ነበር። ሰፊ ምርጫ ያለው ፕሮግራም ለሚያመነታ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ እየቀመሰ ያስባል። ሰማያዊው ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚወስነው ብዙ ነው። እኛ የወሰንነው የእሷን ፍላጎት አይተን ነው።

ያመለጠን

አሁን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሳለች። ካልኩለሱን አለፈች፣ በጥሩ ውጤት። ቢውሬቱንም ለመደችው።

ግን አንድ ነገር ተሳስተናል። ላቡን ሁሉ እንደ ጥቅም ብቻ ቆጠርነው። እንደ ሸክም አልቆጠርነውም። ብዙ ቦታ አንድ የሦስት ሰዓት ላብ የሚያስገኘው አንድ ክሬዲት ብቻ ነው። ወረቀት ላይ የተመዘገበችው ለ15 ክሬዲት ነው፤ ክፍልና ላብ ውስጥ የምታሳልፈው ግን በሳምንት 23 ሰዓት ሆነ። ከዚያ የላብ ሪፖርቱ አለ። እያንዳንዱ ሪፖርት አንድ ማታ ይወስዳል። በአምስተኛው ሳምንት ደውላ አለቀሰች። «ጋሼ፣ ሌሎቹ 15 ክሬዲት ይዘው ፊልም ያያሉ» አለችኝ። የኤክሴላችን ገጽ ላይ አንድ ዓምድ ጎድሎን ነበር፦ በእያንዳንዱ ሴሚስተር በሳምንት የሚያዘው ጠቅላላ ሰዓት። ውሳኔያችንን አይቀይረው ይሆናል። ግን ተዘጋጅታ ትገባ ነበር።

ትናንት አዲስ ፎቶ ላከችልኝ። ያንን የቀስት ሥዕል ጠረጴዛዋ ፊት ለጥፋዋለች። ከታች ያሉት ሁለት ሣጥኖች፣ ካልኩለስ አንድና ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድ፣ በሰማያዊ ተቀብተዋል። ከጎናቸው በእስክሪብቶ የተጨመረ አዲስ ሣጥን አለ፦ ፕሮግራሚንግ። በሚቀጥለው ዓመት ልትወስደው ትፈልጋለች፤ ሰዓቱ ግን ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላቧ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው የላብ ቡድን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ከመርሐ ግብሩ ላይ አግኝታዋለች። ወደዚያ እንዲያዛውሯት ለዲፓርትመንቱ አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው።